የዛፍ ባንክ

ዛሬ በግጥም ፈንታ አንድ አጭር የታሪክ መጣጥፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። ነገሩ ኮምፒውተር የዓረፍተ ነገርን ሰዋስዋዊ አወቃቀር ለመተንተን የሄደበትን መንገድ ይመለከታል። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ይህንኑ ጥበብ በግሌ አጠናለሁ። ወደ ጥናቱ የሳበኝ አንድ ስያሜ ነው። «ትሪባንክ» ይሉታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የዛፍ ባንክ» ማለት ነው። የባንክ ሠራተኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ባንክ መኖሩን ሰምቶ «ምን ይቀመጥበታል? ማንስ ያወጣበታል?» ብሎ የማይጠይቅ ይኖራልን? መልሱን ለማግኘት ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነብኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ሰዋስው» በግእዝ መሰላል ማለት ነው። በግብፅ የነበሩ የቅብጥ ሊቃውንትም ቋንቋቸውን በዐረብኛ ያስተማሩባቸውን መጻሕፍት በዚሁ በመሰላል ስም ጠርተዋቸዋል። መሰላል የሚያስፈልገው ከፍ ወዳለ ነገር ለመድረስ ነውና፣ ለእኛ ሊቃውንት ከፍ ብሎ የታያቸው የቃሉ ምሥጢር ነበር። ግስና አገባብ የተማረ ሰው ዓረፍተ ነገርን ሲፈታ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ባለቤቱ ማን ነው? ተሳቢው ምንድን ነው? ማሰሪያው የት ነው? እስቲ ስያሜዎቹን ልብ እንበላቸው። አንዱ ባለቤት ነው፤ አንዱ ይሳባል፤ አንዱ ሁሉንም ያስራል። ለአባቶቻችን ሰዋስው ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ የሚታወቅበት ሸንጎ ነበር ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተሩም የተጠየቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ በመሰላል ፈንታ ዛፍ መሳሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከላይ አንድ ሆኖ ይጀምራል፤ ወደ ሐረጎች ይከፈላል፤ ሐረጎቹም ወደ ቃላት ይከፈላሉ። ሥሩ ወደ ሰማይ፣ ቅጠሉ ወደ ምድር የሆነ ዛፍ ነው።

*

ታሪኩ የሚጀምረው በብዙ ተስፋ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1954 በኒውዮርክ ከተማ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና የአይቢኤም ኩባንያ ባለሙያዎች አንድ ትርኢት ለሕዝብ አሳዩ። አይቢኤም 701 የተባለው ኮምፒውተር ከስልሳ የሚበልጡ የሩስያ ዓረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ማሽኑ የሚያውቀው 250 ቃላትንና ስድስት የሰዋስው ደንቦችን ብቻ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ታስቦባቸው የተመረጡ ነበሩ። ይሁን እንጂ የጆርጅታውኑ ሌዎን ዶስተርት በአምስት፣ ምናልባትም በሦስት ዓመት ውስጥ የማሽን ትርጉም እውን ሊሆን እንደሚችል ተነበየ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበር። አሜሪካ የሩስያን የሳይንስ ጽሑፍ ፈጥና ለማንበብ ትሻ ነበርና ለዚህ ምርምር ገንዘብ አልተሰሰተም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1958 እስከ 1959፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዜሊግ ሃሪስ የመራው ቡድን ዩኒቫክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛን ዓረፍተ ነገር የሚተነትን ፕሮግራም ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ ተንታኞች አንዱ ይህ ነው። የሃሪስ ተማሪ የነበረው ኖም ቾምስኪ ደግሞ በ1957 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ፣ ሰዋስው ማለት ውሱን ደንቦች ወሰን የሌላቸውን ዓረፍተ ነገሮች የሚያመነጩበት ሥርዓት መሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ እኛን የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሃሪስ የምሁርነት ሕይወቱን የጀመረው በፊንቄ ቋንቋ ሰዋስው ነው፤ መጽሐፉ በ1936 ታትሟል። ቾምስኪም በ1951 የማስተርስ ጽሑፉን ያዘጋጀው በዕብራይስጥ ላይ ነበር። ፊንቄም ዕብራይስጥም የግእዝና የአማርኛ ዘመዶች ናቸው። ይህ ሳይንስ ከሴማውያን ቋንቋዎች ደጅ ተነሥቶ ሄዶ ሳለ፣ ወደ አማርኛ ደጅ እስኪደርስ ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀ።

*

ያ ሁሉ ተስፋ ከእንቅፋቱ ጋር የተገናኘው በደንቦቹ ማነስ አልነበረም። ደንቦቹ ሲበዙ ነበር።

ኢዳ ሮድስ የተባለች በዩክሬን የተወለደች የሒሳብ ሊቅ የሩስያ ዓረፍተ ነገሮችን ለመፍታት «የትንበያ ትንተና» ሊባል የሚችል ዘዴ ፈጥራ ነበር። ማሽኑ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ቃል እያነበበ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ይተነብያል፤ አሁን ባለቤት ይመጣል፣ ቀጥሎ ማሰሪያ ይመጣል እያለ ይጠብቃል። የመጣው ቃል ከተጠበቀው ጋር ይመሳከራል፤ እኛ ማታ ማታ በእጃችን ያለውን ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር እንደምናመሳክረው ማለት ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሱሱሙ ኩኖና አንቶኒ ኤቲንገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ዘዴ ወደ እንግሊዝኛ አመጡትና አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ማሽኑ አንድ መንገድ ብቻ ከመከተል ይልቅ ደንቡ የሚፈቅዳቸውን መንገዶች ሁሉ እንዲሄድባቸው አደረጉ።

የሆነውን በአንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ አባባል ላይ እንመልከተው። «ታይም ፍላይስ ላይክ አን አሮው» ይላል፤ ጊዜ እንደ ፍላጻ ይበራል ማለት ነው። ሰው ሲሰማው የሚታየው አንድ ትርጉም ብቻ ነው። ነገር ግን «ታይም» ጊዜ ማለት ሲሆን «ሰዓት ይዘህ ለካ» የሚል ትእዛዝም ይሆናል። «ፍላይስ» ይበራል ማለት ሲሆን ዝንቦች ማለትም ነው። «ላይክ» እንደ ማለት ሲሆን ይወዳል ማለትም ነው። ስለዚህ በደንብ ብቻ የሚመራው ማሽን ሌሎች ፍቺዎችም ይወጡለታል፤ የፍላጻን ፍጥነት በምትለካበት አኳኋን የዝንቦችን ፍጥነት ለካ፤ ፍላጻ የሚመስሉትን ዝንቦች ለካ፤ የጊዜ ዝንቦች የሚባሉ ፍጥረታት ፍላጻ ይወዳሉ። ከሰዋስው አንጻር ሦስቱም ነውር የለባቸውም። እኛ የምንጥላቸው ፍላጻ የሚወድ ዝንብ አይተን ስለማናውቅ ነው። ማሽኑ ግን ዝንብም ፍላጻም አይቶ አያውቅም።

በ1966 ኤቲንገር ራሱ አባል የሆነበት የአሜሪካ አማካሪ ኮሚቴ የማሽን ትርጉምን ውጤት መርምሮ የሚያቀዘቅዝ ዘገባ አወጣ፤ የመንግሥት ገንዘብም በእጅጉ ቀነሰ። ትንተናው ግን አልተተወም። በ1960ዎቹ ኮክ፣ ካሳሚና ያንገር የተባሉ ሦስት ሰዎች ለየራሳቸው፣ በ1970 ደግሞ ጄይ ኧርሊ፣ ሥራውን በሠንጠረዥ የሚያቀልሉ ዘዴዎችን አቀረቡ። የዓረፍተ ነገሩ ቁራጭ አንድ ጊዜ ከተተነተነ ውጤቱ በሠንጠረዡ ይመዘገባል፤ ዳግመኛ ሲፈለግ ከመዝገቡ ይነበባል እንጂ ከእንደገና አይሠራም። በዚህ ዘዴ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሥራው ቢበዛ ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ማሽን ይችለዋል። ያልቻለው መምረጥን ነው። በ1982 ኬኔት ቸርችና ራሜሽ ፓቲል እንዳሳዩት፣ ከወዴት እንደሚያያዙ በግልጽ የማይታወቁ ሐረጎች በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲደራረቡ የዛፎቹ ቁጥር 2፣ 5፣ 14፣ 42፣ 132 እያለ ይንራል። ከእነዚህ ሁሉ ተናጋሪው ያሰበው አንዱን ነው።

*

«ይህማ የእንግሊዝኛ ችግር ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ እኛ የባንክ ሠራተኞች ሁላችን «የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ» ሆነን ነበር። ይህ ሐረግ ሁለት ዛፍ አለው። «የድሮ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ከ«ገንዘብ» ጋር ቢጣመር፣ አሮጌውን ኖት የሚሰበስብ ሰው ይሆናል። «ገንዘብ ሰብሳቢ» የሚለው አስቀድሞ ቢጣመርና «የድሮ» ከላዩ ቢመጣ ደግሞ፣ በፊት ገንዘብ ይሰበስብ የነበረ፣ አሁን ሥራውን የተወ ሰው ይሆናል። አንደኛው በሥራ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጡረታ ወጥቷል። ፊደሉ ግን አንድ ነው።

«መምህሩ ተማሪውን እየሳቀ አገኘው» ብንልስ የሳቀው ማን ነው? ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዋ ሴት ብትሆን ግን ቋንቋችን ራሱ ይፈርድልናል፤ «እየሳቀ አገኛት» ካልን የሳቀው መምህሩ፣ «እየሳቀች አገኛት» ካልን የሳቀችው ተማሪዋ ናት። እንዲህ ያለውን የጾታ ምልክት ማሽን ሊማረው ይችላል። ከቃላችን ውስብስብነት ጋር ግን ገና መታገል አለበት። «አልነገረችኝም» በእኛ ጽሕፈት አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን አሉታው፣ ድርጊቱ፣ የምትናገረዋ ሴትና ሳይነገረው የቀረው ሰው ሁሉ አሉበት። ባለቤቱም ተሳቢውም ማሰሪያውም በአንድ ቤት ያድራሉ። ዛፍ ለመሳል ቃሉን ራሱን አስቀድሞ መፈልቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚጠልቀው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። ለዚህ ምሳሌ የምትሆን፣ ይህን ጥናት ሳጠና የጻፍኋትን አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ላካፍላችሁ፦

ጉልበተኛው መጣ ዱላውን ጨብጦ፣
ይመታል አለ ሰው ከዳር ተቀምጦ።

«ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ጉልበተኛው ሰው ሊደበድብ ነው፤ ከዳር የተቀመጠው ሰው ፈርቷል። ጠብቆ ሲነበብ ግን ጉልበተኛው ራሱ ሊደበደብ ነው፤ ከዳር የተቀመጠው ሰው ቀኑን እየጠበቀ ነው። ከሰምና ወርቅ ጋር ላደገ አንባቢ ሁለቱን ፍቺ አንድ ላይ መያዝ ደስታ ነው። ለማሽኑ ግን አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሰው ደብዳቢውና ተደብዳቢው በአንድ ቃል ሊቆሙለት አይችሉም።

ይህ የግጥም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምሁበት። እስቲ ይህን እናስብ። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ስለምትኖር አንዲት እኅታችን የሚያውቅ ሰው «ሠራተኛዋ ትመታለች» ብሎ ለሚመለከተው ክፍል ቢጽፍ፣ ጽሑፉም በማሽን ቢተረጎም፣ ማሽኑ «ትመታለች»ን አጥብቆ ያነበበ እንደ ሆነ የተበደለች ሴት ትሆናለች፤ አላልቶ ያነበበ እንደ ሆነ ግን ወንጀለኛ ትሆናለች። አንድም ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ዛፉ ነው፤ ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ተለዋወጡ። በእስራኤል፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ወረቀቱን በማሽን እያስተረጎመ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከተዋል።

*

እንግዲህ ማሽኑ መምረጥን ከየት ተማረ? ወደ ዛፍ ባንኩ የደረስነው አሁን ነው።

በ1989 በዚያው በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሚቸል ማርከስና ባልደረቦቹ አንድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ጀመሩ። ማሽን ያወጣውን ረቂቅ ትንታኔ ሰዎች እያነበቡ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በእጃቸው አርመው፣ ትክክለኛ የመሰላቸውን ዛፍ መዘገቡ። በጋዜጣ ጽሑፍ ላይ የተሠራው ክፍል ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት፣ 49 ሺህ ያህል ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ጋዜጣው ዎል ስትሪት ጆርናል ነው። ኮምፒውተሮች የእንግሊዝኛን ሰዋስው በአብዛኛው የተማሩት ስለ አክሲዮንና ስለ ቦንድ ከሚያወራ ጽሑፍ መሆኑን ሳነብ እኔ የባንኩ ሰው ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ደንብ ከሚነግረው ይልቅ መቁጠር ጀመረ። ይህ ዓይነቱ ሐረግ በባንኩ ውስጥ ስንት ጊዜ ከግስ ጋር ተያይዟል? ስንት ጊዜስ ከስም ጋር? ለእያንዳንዱ ዛፍ የመሆን ዕድሉን አስልቶ ዕድሉ የበለጠውን ይመርጣል። በ2000 ዩጂን ቻርኒያክ ያቀረበው ተንታኝ በዚያው ጋዜጣ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ሲፈተን ከሐረጎቹ 90 በመቶ ያህሉን በትክክል ለየ። ለአርባ ዓመት ደንብ ሲጻፍለት ያልሆነለት ነገር፣ ሰዎች የፈረዱትን ፍርድ ቆጥሮ ሆነለት።

ሌላም የዛፍ ዓይነት አለ። በ1954 ያረፈው ፈረንሳዊው ሉስየን ቴንየር፣ ከሞተ በኋላ በ1959 በታተመ መጽሐፉ፣ የዓረፍተ ነገርን ሥር ግሱ ላይ አድርጎ የቀሩትን ቃላት ሁሉ በእርሱ ላይ አንጠለጠላቸው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚለው የእኛ ስያሜ ነው፤ እኛም ግሱን ከድሮ ጀምሮ ማሰሪያ ስንለው ኖረናል። ከ2014 ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ለቋንቋዎች ሁሉ የሚሆን አንድ ወጥ የምልክት ሥርዓት አበጅተዋል፤ ዛሬ ከ100 የሚበልጡ ቋንቋዎች በዚህ ሥርዓት የየራሳቸው የዛፍ ባንክ አላቸው።

አማርኛም አንዱ ነው። በ2018 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራቸውን ይፋ አደረጉ። ከመካከላቸውም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» የተሰኘውን መጽሐፍ ያሳተሙት ባዬ ይማም ይገኙበታል። ይህ የአማርኛ ዛፍ ባንክ 1,074 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሥራው ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ለሠሩት ያመሰግናል። ሒሳብ ግን ሒሳብ ነውና ሁለቱን ባንኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ የዎል ስትሪቱ ጋዜጣ ክፍል ብቻውን ከእኛው 45 ጊዜ ይበልጣል።

*

«ዛሬ ማሽኖቹ ያለ ዛፍ ባንክም ይናገራሉ፤ ታዲያ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬዎቹ ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሰዋስው ሳይነገራቸው ብዙ ጽሑፍ በማንበብ ብቻ ይማራሉ። እንዲያውም በ2019 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ሂዊትና ክሪስቶፈር ማኒንግ እንዲህ ያለውን ሞዴል ውስጥ ውስጡን መርምረው፣ ማንም ያላስተማረው የሰዋስው ዛፍ በቁጥሮቹ መካከል ተሠውሮ እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማሰብ ይገባናል። አንደኛ፣ ማሽኑ እንዲህ ሊማር የቻለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ ባሕር በመብዛቱ ነው፤ የእኛ ገና ምንጭ ነው። ሁለተኛ፣ በሞዴሉ ሆድ ዛፍ መኖሩ የታወቀው ሰዎች አስቀድመው በእጃቸው ከመዘገቧቸው ዛፎች ጋር በመመሳከሩ ነው። የሚመሳከርበት መዝገብ ባይኖር፣ ማሽኑ በትክክል አንብቦ እንደ ሆነ ወይም በድፍረት ተሳስቶ እንደ ሆነ በምን ይታወቅ ነበር? ገንዘብ ቆጣሪው ማሽን ፈጣን ስለሆነ መዝገቡን አንጥለውም። «ትመታለች» የሚለውን አጥብቆ ወይም አላልቶ ማንበቡን የምንፈትንበት ሚዛን ያስፈልገናል፤ ሚዛኑም የአማርኛን አፍ የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ የፈረዱባቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

በዛፍ ባንክ የሚቀመጠው እንግዲህ የአንባቢ ፍርድ ነው። በየጋዜጣው የተበተነውን ቃል ማሽን ራሱ ይለቅመዋል፤ እዚህ ጋ ባለቤቱ እርሷ ናት፣ እዚህ ጋ ተሳቢዋ እርሷ ናት የሚለውን ግን ሰው ተቀምጦ ማሰብ አለበት። የሚያወጣበትም ነገ በአማርኛ የሚጽፍና የሚያስተረጉም ሁሉ ነው። እናንተ ውድ አንባብያን፣ ቅኔ መፍታት የምትወዱ፣ መጥበቅና መላላት ላይ ሌሊቱን የምትከራከሩ ሰዎች፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ችሎታ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ የቋንቋ ተማሪ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁም ይህን ንገሯቸው። ከ1,074 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1,075 ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን።